የአያት ሽጉጥ ሳጥን ውስጥ ሲገኝ፦ አሮጌ የኪስ ሽጉጥን ለይቶ ማወቅ፣ መመዝገብና ሳያበላሹ ማቆየት

አንድ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ሰው ስልኩን ያወጣና ፎቶ ያሳየኛል። ፎቶው ላይ መዳፍ የምታክል ጥቁር ሽጉጥ አለች። «የአያቴ ናት። ምንድን ናት? ስንት ታወጣለች? ላስወልውላት?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ ብዬ ሁሉንም እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

መመሪያው የሚጠቅመው አሮጌ ከፊል አውቶማቲክ የኪስ ሽጉጥ በሕጋዊ መንገድ ለያዛችሁ፣ በውርስ ደርሷችሁ መስመር ለማስያዝ ለምትፈልጉ፣ ወይም ሽጉጡን ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን ማለትም ማህደሩን (ሽጉጡ የሚገባበትን የቆዳ ማንገቻ)፣ ፎቶውንና ወረቀቱን ለምትሰበስቡ ነው። ስለ መተኮስ እዚህ ምንም አታገኙም። ዕድሜው የገፋ ሽጉጥ መተኮስ የለበትም፤ በዚሁ እንለፈው።

ከሁሉ በፊት፦ ወረቀቱ

በአገራችን የጦር መሣሪያ ጉዳይ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ያለ ፈቃድ ሽጉጥ ይዞ መገኘት ወንጀል ነው። «አሮጌ ነው፣ ዝጓል፣ አይተኩስም፣ መታሰቢያ ነው» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም። አይተኩስም ብሎ የሚወስነውም ባለቤቱ አይደለም።

ሟች ፈቃድ ነበራቸው እንበል። ፈቃዱ የተሰጠው ለእሳቸው ነው፤ ከሽጉጡ ጋር አብሮ አይወረስም። ስለዚህ ዕቃው እናንተ ቤት ቢገኝም የእናንተ ስም ያለበት ፈቃድ እስኪወጣ ድረስ ነገሩ አላለቀም።

የመጀመሪያው ጉዞ የወረቀት ይሁን። ሽጉጡ ቤት ተቆልፎ ይቆይ፤ እናንተ የሟችን የድሮ ፈቃድ፣ የወራሽነት ማስረጃና መታወቂያችሁን ይዛችሁ ወደ ፖሊስ ሂዱ። መሐል ከተማ ላላችሁ የፌዴራል ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ፈቃድ የሚባል ነገር ጭራሽ ካልነበረ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ። ሳትዘገዩ አሳውቁ፤ መደበቅ ነገሩን ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም። ዕቃውን መቼ፣ በማን አጃቢነትና እንዴት እንደምታመጡ የሚነግሯችሁ እነሱ ናቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ «እግረ መንገዴን ላሳየው» ብላችሁ ሽጉጡን ቦርሳ ውስጥ ከታችሁ ታክሲ አትሳፈሩ። መሐል አዲስ አበባ ባንክ፣ ሆቴል፣ የገበያ ማዕከልና መሥሪያ ቤት በር ላይ ሁሉ ፍተሻ አለ። ፈታሹ ቦርሳው ውስጥ የሚያየው ሽጉጥ እንጂ የአያት መታሰቢያ አይደለም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከፋርማሲ የሚገዛ የናይትሪል ጓንት። የእጅ ላብ ጨው አለው፤ ጣት ያረፈበት ብረት ላይ ጥቂት ቀን ቆይቶ የጣት አሻራ ቅርጽ ያለው ዝገት ይወጣል።
- ንጹሕ፣ ቀለም የማይለቅ የጥጥ ጨርቅ። ያረጀ ነጭ ካናቴራ ይበቃል።
- የሰዓት ሠሪ ማጉያ መነጽር እና ትንሽ የእጅ ባትሪ።
- ማስመሪያ፣ ካለም ካሊፐር። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን።
- እርሳስ፣ ስስ ወረቀት፣ ደብተር። እስክሪብቶ አትጠቀሙ፤ ያረጀ ወረቀት ላይ ካረፈ አይለቅም።
- ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ።
- ቀጭን የማዕድን ዘይት። የመሣሪያ ዘይት ከሌለ የስፌት መኪና ዘይት ይሠራል።
- ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እና ስቴኪኒ።
- እርጥበት የሚመጥጥ ከረጢት፤ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው ዓይነት፣ ግን በርከት ያለ።
- ቁልፍ ያለው የብረት ሳጥን ወይም ሴፍ።

ዝርዝሩ ውስጥ ጠመንጃ መፍቻ የለም፣ ብርጭቆ ወረቀት የለም፣ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ የለም። ሆን ብዬ ነው።

ደረጃ 1፦ ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ

ሳጥን ውስጥ ለዓመታት የተቀመጠ ሽጉጥ ጎርሶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ሰው ለአደጋ ጊዜ ብሎ አጉርሶ አስቀምጦ ነው ያለፈው። ስለዚህ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደጎረሰ ቁጠሩት።

መሣሪያ ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነ ይህን ደረጃ እናንተ አትሥሩት። ሳትነኩት ክፍሉን ቆልፉና ለፖሊስ ደውሉ። ሥልጠና ያላችሁ ቅደም ተከተሉን እንዳታዛቡ፦

ሀ. ጣት ከቃታው ይራቅ፤ አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዙር። ከስስ የጣውላ ግድግዳ ጀርባ ጎረቤት እንዳለ አትርሱ።

ለ. መጀመሪያ ካዝናውን (እጀታው ውስጥ የሚገባውን የጥይት መያዣ) አውጡ። የኪስ ሽጉጦች ላይ መልቀቂያው አብዛኛውን ጊዜ በአውራ ጣት የሚጫን ቁልፍ አይደለም፤ ከእጀታው ሥር ከኋላ በኩል ያለች ትንሽ ምላስ ናት።

ሐ. ከዚያ ተንሸራታቹን የላይኛውን ብረት ወደኋላ ስባችሁ ጥይት የሚጎርስበትን ቀዳዳ በባትሪ ተመልከቱ። ባዶ መስሎ ከታየም ደግማችሁ ተመልከቱ።

ቅደም ተከተሉ ለምን ያስፈልጋል? ካዝናው ሳይወጣ ብታቀባብሉት አንዱ ጥይት ወጥቶ ሌላው ይተካል። ባዶ አደረግሁ ስትሉ አጉርሳችኋል ማለት ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ብዙዎቹ የኪስ ሽጉጦች መምቻቸው (ቃታው ሲሳብ የሚመታው ብረት) ውስጥ የተሸሸገ ነው። ከኋላ የቆመ መምቻ አለማየት «አልተወጠረም» ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ የጣሊያኑ ቤሬታ 1934 ካዝናው ባዶ ሲሆን ተንሸራታቹን ከፍቶ የሚይዘው የካዝናው ውስጠኛ ሳህን ነው። ካዝናውን ስታወጡ ተንሸራታቹ በጉልበት ይዘጋል። ጣታችሁ መሐል ካለ ይቆርጠዋል፤ ብዙ ሰው ደንግጦ ሽጉጡን ከእጁ የሚጥለውም እዚህ ላይ ነው።

ዝጎ አልንቀሳቀስ ካለ አታስገድዱት። ጥይት ተቀርቅሮ ቢታይ በአፈሙዙ በኩል በብረት ዘንግ አትግፉ። አረንጓዴ የያዘ አሮጌ ጥይትም ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፣ እሳት አጠገብ አይቀመጥም። ሁለቱም የፖሊስ ሥራ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ከመንካት በፊት ፎቶ

ጓንት አድርጉ። ነጭ ወረቀት መስኮት አጠገብ ዘርጉ፤ ፀሐይ በቀጥታ እንዳይመታው። ግራ ጎን፣ ቀኝ ጎን፣ ከላይ፣ ከሥር፣ ከፊት፣ ከኋላ። ማስመሪያ አጠገቡ ይግባ። ካዝናው ለብቻ፣ ማህደሩ ለብቻ፣ ማህደሩ ውስጥ የተገኘ ቁራጭ ወረቀት ወይም ክር እንኳ ካለ ለብቻ።

አቧራውን ሳትጠርጉ ነው ይህ ሁሉ። ምክንያቱም በኋላ «ይህ ጭረት ድሮም ነበረ ወይስ እኛ ነን?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ መልሱ ያለው የመጀመሪያው ፎቶ ላይ ብቻ ነው።

ፎቶውን ቴሌግራም ላይ አትልቀቁት። ተከታታይ ቁጥሩ፣ ስማችሁና ቤታችሁ ያለበት አካባቢ አንድ ላይ ከወጡ ሌባ እየጋበዛችሁ ነው።

ደረጃ 3፦ ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት

ጽሑፉን ከማንበባችሁ በፊት ቅርጹን እዩ። ጽሑፍ ሊፋቅ ወይም ሊቀየር ይችላል፤ ቅርጽ ግን በቀላሉ አይዋሽም።

ርዝመቱን ለኩ፣ ክብደቱን መዝኑ፣ ከዚያ ከእነዚህ ጋር አስተያዩ፦

ብራውኒንግ 1900። ሥራው የቤልጂየሙ ኤፍ ኤን ነው፤ ፋብሪካው ሊዬዥ አጠገብ ኸርስታል ይገኛል። የጥይቱ ልክ 7.65 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካዝናው 7 ጥይት ይይዛል። ከፊት ስታዩት ጥይት የሚወጣበት ቀዳዳ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ምክንያቱም ስፕሪንጉ ያለው ከአፈሙዙ በላይ ነው። ቀደም ባሉት ላይ እጀታው ጎን የራሱ የሽጉጡ ሥዕል ተቀርጿል።

ብራውኒንግ 1906። ትንሿ፣ የሰደርያ ኪስ ውስጥ የምትገባው። 6.35 ሚሊ ሜትር፣ 6 ጥይት። ርዝመቷ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ። ከእጀታው ኋላ ስትጨበጥ ወደ ውስጥ የምትገባ ምላስ አላት። ምላሷ ከሌለችና ሽጉጡ ከዚህም ካነሰ «ቤቢ» የሚባለው የኋለኛው ሞዴል ሊሆን ይችላል።

ብራውኒንግ 1910። 7.65 ወይም 9 ሚሊ ሜትር አጭር («አጭር» የጥይቱ ዓይነት መጠሪያ ነው)። አፈሙዙን የከበበ፣ ጥርስ ጥርስ ያለው ክብ ቀለበት አለው። ስፕሪንጉ አፈሙዙ ላይ ስለተጠመጠመ መላ አካሉ ለስላሳና ድብልብል ነው። ከአፈሙዙ በኩል ረዘም ካለ ደግሞ 1922 ነው።

ቤሬታ 1934። እኛ አገር ከሚያጋጥሙት ሁሉ በታሪክ የሚጠበቀው ይህ ነው፤ ጣሊያን ይዞት የመጣው መደበኛ የመኮንን ሽጉጥ ስለሆነ። 9 ሚሊ ሜትር አጭር፣ 7 ጥይት፣ ክብደቱ ወደ 660 ግራም። ተንሸራታቹ ከላይ ክፍት ስለሆነ አፈሙዙ ይታያል። መምቻው ከኋላ ውጭ ነው፤ ካዝናው ሥር የትንሿ ጣት ማረፊያ ቀንድ አለ። ወንድሙ 1935 በመልክ ያው ነው፤ ጥይቱ ግን 7.65 ነው።

ኮልት 1903። አሜሪካዊ፣ ሃርትፎርድ የተሠራ። መምቻው የተሸሸገ፣ ጎኑ ላይ በኋላ እግሮቹ የቆመ ፈረስ ምልክት ያለው።

ማውዘር 1914። እጀታው ግራና ቀኝ ሁለት ቁራጭ ሳይሆን ከኋላ ዞሮ የሚያቅፍ አንድ ቁራጭ ነው። በዚህ ብቻ ትለዩታላችሁ።

ዋልተር ፒፒ እና ፒፒኬ። ጀርመናዊ፤ ፒፒ እ.ኤ.አ. 1929 ገበያ ላይ የዋለ፣ ፒፒኬ ያጠረው ነው። መምቻቸው ውጭ ነው፤ ሴፍቲያቸው ተንሸራታቹ ላይ ነው።

የስፔን ኤይባር ሥራዎች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለፈረንሳይ ጦር «ሩቢ» የሚባለውን ሽጉጥ ብዙ ትንንሽ ፋብሪካዎች ሠርተዋል። በመልክ ሌላውን የኤፍ ኤን ሽጉጥ፣ ብራውኒንግ 1903ን ይመስላሉ። ስማቸው ይለያያል፣ ልካቸውም ይለያያል፤ የአንዱ ካዝና ለሌላው ላይገጥም ይችላል። «ብራውኒንግ» የሚል ቃል አንብባችሁ የቤልጂየም ሥራ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ያ ቃል አንዳንዴ የሚያመለክተው የጥይቱን ዓይነት ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ ማኅተሞቹን ማንበብ

ማኅተም ፊት ለፊት በሚያበራ መብራት አይነበብም። ባትሪውን አጋድማችሁ፣ ብርሃኑ ከጎን እንዲቦርሽ አድርጉት። የተፋቀ የመሰለ ፊደል ጥላ ይጥላል፣ ይነበባል። አሁንም ካልታየ ስስ ወረቀት ደርቡና በእርሳስ በስሱ አሽት አሽት አድርጉ። ጠመኔ ወይም ቀለም አትቀቡ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

የምትፈልጉት አራት ነገር ነው፦ የፋብሪካ ስም፣ የጥይት ልክ፣ ተከታታይ ቁጥር፣ የመፈተሻ ማኅተም። የመጨረሻው ሽጉጡ ተፈትኖ ያለፈበትን አገር ይነግራል። የሊዬዥ ፈታኞች ሞላላ ክብ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ ፊደላት ይመቱ ነበር። የጀርመኖቹ ዘውድ ያለበት ኤን፣ እ.ኤ.አ. ከ1940 ወዲህ ደግሞ ንስር ያለበት ኤን ነው። በእንግሊዝ ቢርሚንግሃም እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያለፈ ደግሞ ቢ፣ ኤን፣ ፒ ይይዛል።

ቤሬታ 1934ን እንደ ምሳሌ በቅርብ እንየው። ግራ ጎኑ ላይ የፋብሪካው ስም፣ «ካሊበር 9 ኮርቶ» (ኮርቶ አጭር ማለት ነው)፣ «ሞዴል 1934» እና ከተማው ጋርዶኔ በጣሊያንኛ ምኅጻር ተጽፈዋል። ቀጥሎ ዓመተ ምሕረት፣ ለምሳሌ 1937፣ ከአጠገቡ የሮማ ቁጥር፣ ኤክስ እና ቪ፤ 15 ማለት ነው። ይህ የፋሽስቱ የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ከጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። 15ኛው ዓመት ከጥቅምት 29 ቀን 1936 እስከ ጥቅምት 28 ቀን 1937 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ፣ ለምሳሌ 1937 ተብሎ የሮማው ቁጥር 20 ቢሆን፣ አንዱ ቆይቶ የተመታ ነው፤ ተጠራጠሩ።

አካሉ (ተንሸራታቹ የሚቀመጥበት የታችኛው ብረት) ላይ አር እና ኢ ከተመታ የምድር ጦር ንብረት ነበር። አር እና ኤ የአየር ኃይል፣ አር እና ኤም የባሕር ኃይል፣ ፒ እና ኤስ የፖሊስ። ይህች ትንሽ ማኅተም ቤተሰቡ የሚያወራውን ትደግፋለች ወይም ታፈርሳለች፤ አትዝለሏት።

ቁጥሩን በየቦታው ፈልጉ። የኤፍ ኤን ሥራዎች ላይ አካሉ፣ ተንሸራታቹና አፈሙዙ አንድ ቁጥር ይይዛሉ። ካልገጠመ ከሁለት ሽጉጥ የተገጣጠመ ነው። ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፣ ግን እንዳለ መጻፍ አለበት። ቁጥሩ ተፍቆ ካገኛችሁት ግን እዚሁ አቁሙና ለፖሊስ ንገሩ።

ደረጃ 5፦ የቤተሰቡን ታሪክ መመዝገብ

ይህ ደረጃ አይቆይም፤ ሰዎቹ ያልፋሉ። አክስት፣ አጎት፣ የአያት ጎረቤት፣ ማንም የሚያውቅ ካለ በስልካችሁ ድምፅ ቅዱ። ፈቃዳቸውን ጠይቁ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ያዩት መቼ ነው? ማን ይዞት ነበር? የት ይቀመጥ ነበር?» በሉ። «ከጣሊያን የተማረከ ነው አይደል?» አትበሉ። እንዲህ ከጠየቃችሁ ለእናንተ ሲሉ «አዎ» ይላሉ፤ ያ ደግሞ ማስረጃ አይሆንም።

የሰሙትንና ያዩትን ለዩ። «አባቴ ሲናገር ሰምቻለሁ» አንድ መስመር፣ «እኔ በዓይኔ አይቻለሁ» ሌላ መስመር።

ዓመተ ምሕረት ላይ ተጠንቀቁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሽጉጡ ላይ 1937 ተመቷል፤ የቤተሰብ ወረቀት ደግሞ በ1931 ዓ.ም. እንደተገኘ ይናገራል። ሰው ያየዋል፣ «ከመሠራቱ በፊት ማን ያዘው? ወረቀቱ ሐሰት ነው» ይላል። ሐሰት አይደለም። 1931 ዓ.ም. በፈረንጅ ከመስከረም 1938 እስከ መስከረም 1939 ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7 ደምሩ፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ ማለቂያ 8 ደምሩ። ደብተራችሁ ላይ ሁለቱንም ጻፉ፤ አንዱን ብቻ ጽፋችሁ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ካልጨመራችሁ ልጆቻችሁ ይሳሳታሉ።

የተገኘ የድሮ ፈቃድ፣ ደብዳቤ ወይም አያት ሽጉጡን ታጥቀው የተነሱት ፎቶ ካለ ከሽጉጡ በላይ ጠብቁት። ላሚኔት አታስደርጉ! ሙቀቱና ፕላስቲኩ አንዴ ከያዙት አይላቀቁም፤ ቀለሙም ይጠፋል። በስልክ አንሱት፣ ከዚያ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ጠቅልላችሁ ጠፍጣፋ አስቀምጡ። ፎቶ ኮፒ ቤት ስካን ካስደረጋችሁ ፋይሉ ከኮምፒውተራቸው መጥፋቱን አጠገባቸው ቆማችሁ እዩ።

ደረጃ 6፦ ማጽዳት፣ ግን ጥቂት

የማጽዳት ግቡ ዝገቱን ማቆም ነው። አዲስ ማስመሰል አይደለም።

ለስላሳው ብሩሽ አቧራውን ያራግፍ። ጨርቁ ላይ ሁለት ጠብታ ዘይት አድርጉና ብረቱን በስሱ ዳብሱ። ጠርዝ ላይ ያለ ቆሻሻ በስቴኪኒ ይነሳል። ቀይ፣ ዱቄት የመሰለ ዝገት ካለ ዘይት ነካ አድርጉበት፣ አንድ ቀን ይደር፣ በጨርቅ ጥረጉ። ደግሙት። የማይለቅ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ይቅር፤ እሱ የረጋ ነው፣ አይበላም።

ሰማያዊ ጥቁሩ የብረቱ ቀለም በፋብሪካ የተሠራ ስስ ልባስ ነው። በሎሚ፣ በኮካ፣ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ወይም በብርጭቆ ወረቀት ከነካችሁት አብሮ ይሄዳል። ማኅተሞቹም ጠርዛቸው ይደፈንና አይነበቡም። የተፋቀ ሽጉጥ ደግሞ ወደ ነበረበት አይመለስም።

የምግብ ዘይት አትቀቡ። ጊዜ ሲያልፍ ይጠጥራል፣ ሙጫ ይሆናል፣ አቧራ ይይዛል።

እጀታው ጥቁር ጎማ ከሆነ ዘይት አይነካው፣ ፀሐይም አይምታው፤ የዘመኑ ጠንካራ ጎማ በብርሃን ቡናማ ይሆናል። የቤሬታ 1934 እጀታ ከጀርባው ብረት ተለጥፎበት ስለሚመጣ ዝገቱ ከውስጥ ነው የሚጀምረው። ጠርዙ አብጦ ካያችሁ ምክንያቱ ያ ነው። ቡሎኑን ግን በተገኘው ጠመንጃ መፍቻ አትፍቱት። የድሮ ቡሎን ጥርሱ ጠባብ ነው፤ ያልገጠመ መፍቻ ቦርቡሮት ይወጣል። የተቦረቦረ ቡሎን ያየ ሰብሳቢ ውስጡም ተነካክቷል ብሎ ነው የሚጠረጥረው።

ደረጃ 7፦ አቀማመጥ

ማህደሩ ውስጥ አታስቀምጡት። ይህን ለማመን የሚከብዳቸው አሉ፤ ማህደሩ የተሠራው ለእሱ ነው ይሉኛል። ለመያዝ ነው እንጂ ለማስቀመጥ አይደለም። ቆዳ እርጥበት ይመጥጣል፤ ቆዳው የተለፋበት ኬሚካልም ብረት ይበላል። ከሰኔ እስከ መስከረም የአዲስ አበባ ክረምት ቤት ውስጥ ልብስ እንኳ አያደርቅም። በማህደር ውስጥ የከረመ ሽጉጥ አንድ ጎኑ ብቻ ዝጎ ታገኙታላችሁ፤ የተኛበት ጎን ነው።

ሽጉጡ ለብቻ፣ ማህደሩ ለብቻ። ሽጉጡን በስሱ ዘይት ነክታችሁ በሰም ወረቀት ጠቅልሉት። ስፖንጅ ላይ አታስተኙ፤ ስፖንጅ ውኃ ይይዛል። ሳጥኑ ውስጥ እርጥበት የሚመጥጡ ከረጢቶች ይግቡ፤ ክረምት ሲገባና ሲወጣ ለውጧቸው። ሳጥኑ ከወለልና ከውጭ ግድግዳ ይራቅ።

ሳጥኑ ይቆለፍ። ቁልፉ ያለበትን የሚያውቅ ሰው ፈቃዱ ያለው ሰው ይሁን። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ይህ ከዝገቱ ሁሉ ይቀድማል።

ደረጃ 8፦ መዝገቡ

ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ገጽ። ይህን ይመስላል፦

ዓይነት፦ ቤሬታ 1934። ጥይት፦ 9 ሚሊ ሜትር አጭር። የተመታ ዓመት፦ 1937 እ.ኤ.አ.፣ የሮማ 15። የጦር ማኅተም፦ አር እና ኢ፣ አካሉ ላይ። ቁጥር፦ ተንሸራታቹና አካሉ ይገጥማሉ። ሁኔታ፦ ቀኝ ጎን የረጋ ዝገት፣ ግራ እጀታ ጠርዙ አብጧል። ካዝና፦ አንድ። ታሪክ፦ ከአያት፣ እንደ አክስት አነጋገር፤ የድምፅ ቅጂ አለ። ፈቃድ፦ የማን፣ መቼ የወጣ፣ መቼ የሚታደስ።

«ሁኔታ» የሚለው ላይ አታሳምሩ። በሚቀጥለው ዓመት ዝገቱ መስፋቱን የምታውቁት ዘንድሮ በጻፋችሁት ነው። አንድ ቅጂ ከሳጥኑ ውጭ ይቀመጥ፤ ዕቃው ቢሰረቅ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ቁጥሩን ነው።

ሽጉጡ ሳይኖር መሰብሰብ

ብዙዎቻችሁን የምመክረው ይህንን ነው። የቆዳ ማህደር፣ የድሮ መታጠቂያ፣ ሽጉጥ ታጥቀው የተነሱ ሰዎች የስቱዲዮ ፎቶ፣ ያረጀ ፈቃድና ደረሰኝ። ቸርችል ጎዳና ላይ ያሉት የስጦታና የድሮ ዕቃ ሱቆች ውስጥ ስትዞሩ ማህደር ወይም ፎቶ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ማህደር ስትገዙ ውስጡን አሽትቱ፣ ስፌቱን እዩ፣ በውስጥ በኩል የተመታ ስም ወይም ዓመት ካለ በባትሪ ፈልጉ። ማህደሩ ውስጥ ሽጉጥ ለዓመታት ከተኛ ቅርጹ ቆዳው ላይ ታትሞ ይቀራል፤ በማስመሪያ ለክታችሁ የየትኛው ሞዴል እንደነበር ማወቅ ትችላላችሁ። እኔ በዚህ ሥራ ውስጥ እጅግ የምወደው ይህንን ነው።

ሻጩ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዋናውም አለ» ካላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ወረቀት የሌለው ሽጉጥ የስንት ዓመት ቢሆን፣ የማንም ቢሆን፣ አይገዛም።

የተለመዱ ስህተቶች

የሞዴሉን ቁጥር የተሠራበት ዓመት ማድረግ። 1934፣ 1910፣ 1900 የሞዴል ስሞች ናቸው። ብራውኒንግ 1910 ለአሥርት ዓመታት ሲሠራ ኖሯል።

ኒኬል ማስነከር። «እንዲያበራ» ተብሎ ይደረጋል። ልባሱም ማኅተሙም ከሥሩ ይቀበራል።

ጋራዥ ወስዶ አፈሙዙን ማስደፈን ወይም ማስበሳት። ሰዎች ሕጋዊ ያደረጉት ይመስላቸዋል። ብየዳ ፈቃድ አይተካም፤ ዕቃው ግን ለዘላለም ተበላሽቷል።

የውጭ ጨረታ ዋጋ አይቶ በብር ማባዛት። እዚያ የሚሸጠው በዚያ አገር ሕግ፣ ለዚያ አገር ገዢ ነው። ለዚህ ነው «ስንት ያወጣል» ለሚለው ጥያቄ ቁጥር የማልሰጠው።

ለውጭ አገር ዘመድ ሻንጣ ውስጥ መክተት። አንዱ ችግር መሣሪያ መሆኑ ነው፤ ሌላው ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

ማቆየት ካልፈለጋችሁ

ሁሉም ሰው ቤቱ ሽጉጥ እንዲኖር አይፈልግም፤ ልክ ነው። ለፖሊስ ማስረከብ ትችላላችሁ። ስታስረክቡ ዓይነቱና ተከታታይ ቁጥሩ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ተቀበሉ። ታሪኩ በወረቀትና በፎቶ የተደገፈ ከሆነ ደግሞ ከማስረከባችሁ በፊት መዝገቡንና ፎቶዎቹን ብቻ ይዛችሁ ሙዚየም ጠይቁ። ብሔራዊ ሙዚየም አምስት ኪሎ ነው፤ የአዲስ አበባ ሙዚየም መስቀል አደባባይ ጎን ነው፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው። ፍላጎት ካሳዩ ርክክቡ እንዴት እንደሚሆን ከፖሊስ ጋር አብረው ይነጋገሩበት። ማህደሩን፣ ፎቶውንና የድምፅ ቅጂውን ግን ቤተሰቡ ሊያስቀር ይችላል፤ ቅጂውን ለሙዚየሙ ስጡ፣ ዋናው እናንተ ጋ ይቆይ።